ቢጫው ጨርቅና ኮከቡ

በአሜሪካን ፉትቦል ዳኞች ስመ ጥር ኳርተርባኮችን ለይተው ይጠብቃሉ የሚለው ክስ ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ከረጢት ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው፣ ኳርተርባክ የሚባለው ቦታ ራሱ ከሌሎች ተጫዋቾች የተለየ ጥበቃ አለው ወይ የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፤ አለው፣ ያውም በሕግ መጽሐፉ ላይ በግልጽ ተጽፎ። ሁለተኛው፣ ከኳርተርባኮቹ መካከል ዝናው የገነነው ከሌላው የበለጠ ይጠበቃል ወይ የሚለው ነው። ክርክሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ተመልካችም ለሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ ይሰጣል።

ጉዳዩን ለመመርመር ከኦሃዮ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ዛሬ ኤን ኤፍ ኤል የሚባለው ሊግ የተመሠረተው በ1920 በዚሁ ግዛት፣ በካንተን ከተማ፣ በአንድ የመኪና መሸጫ ውስጥ ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1921 እስከ 1939 ሊጉን በፕሬዚዳንትነት የመራው ጆ ካር የኮሎምበስ ተወላጅ ነበር፤ ሊጉም የሚመራው ከኮሎምበስ ነበር። ዳኛው የሚወረውረው ጨርቅ፣ የተጫዋቹን ፊት የሚሸፍነው አጥር፣ ከጉልበት በታች መምታትን የከለከለው ሕግ ሦስቱም ኦሃዮ ውስጥ ታሪክ አላቸው።

ካናል ዊንቸስተር ከኮሎምበስ መሃል ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። «ካናል» የሚለውን ስም ያገኘችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተቆፈረው የኦሃዮና ኤሪ ቦይ ነው። በመኸር ወራት ሳምንቷ በፉትቦል ይከፋፈላል፦ ዓርብ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች፣ ቅዳሜ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ እሑድ በቴሌቪዥን ፕሮፌሽናሎቹ። የእሑዱ ደጋፊ ለክሊቭላንድ ብራውንስና ለሲንሲናቲ ቤንግልስ ይከፈላል። በኮሎምበስና በዙሪያዋ ኑሮውን የመሠረተው ኢትዮጵያዊም ከዚህ አያመልጥም። አባት ስለ አርሰናል ሲያወራ ልጅ ስለ ቤንግልሱ ኳርተርባክ ስለ ጆ ባሮው ያወራል፤ ሁለቱ የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ዳኛ ለትልቁ ያዳላል በሚለው ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋች ይሰለፋል። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ከጥቂት ሳንቲም፣ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ አለው፤ ከተሳካለት እንደገና አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ኳርተርባክ በየሙከራው መጀመሪያ ኳሷን በእጁ ተቀብሎ ወይ ለሯጭ የሚያቀብል፣ ወይ ለሩቅ ተቀባይ የሚወረውር፣ ወይ ራሱ ይዞ የሚሮጥ ሰው ነው። ሲወረውር አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ፣ ዓይኑን ራቅ ካለ ሰው ላይ ጥሎ ይቆማል። በዚያች ቅጽበት ደረቱ ክፍት ነው፤ ከፊቱ ደግሞ 120 እና 130 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ ይመጣበታል። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች ምቱ ሲመጣ ሰውነቱን አጠንክሮ ይቀበላል። ወርዋሪው አይችልም። የተለየው ሕግ የወጣው ለዚህ አቋም ነው።

የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል። በገና ሜዳ ጌታና ሎሌ ሲጋጠሙ፣ ጌታው በዱላ ቢመታ እንኳ ሊቆጣ እንደማይገባው የቆየ ልማድ አለ፤ ማዕረግ ከሜዳው ውጭ ይቀራል። የአሜሪካን ፉትቦል የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። ማዕረጉን ይዞ ሜዳ ገባ፣ ቆይቶም በአንቀጽ በአንቀጽ ጻፈው።

መጀመሪያ የመጣው ግን ጨርቁ ነው። እስከ 1941 ድረስ ዳኞች ጥፋትን የሚያመለክቱት በፊሽካና በጥሩንባ ነበር፤ በጩኸት መሃል ማን ሰማ ማን አልሰማ አይታወቅም። የያንግስታውን ኮሌጅ አሠልጣኝ ድዋይት ቢድ ዳኞች ጥፋቱ በተፈጸመበት ቦታ ጨርቅ ቢጥሉስ ብሎ አሰበ። ባለቤቱ ኢርማ ሰፋችው፤ ቀዩን ከሃሎዊን ልብስ፣ ነጩን መስመር ከአንሶላ ቆርጣ፣ እንዲከብድና በነፋስ እንዳይወሰድ የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ጫፉ ላይ አሰረችበት። ጥቅምት 1941 ያንግስታውን ከኦክላሆማ ሲቲ ጋር ሲጫወት ጨርቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ። ኤን ኤፍ ኤል በ1948 ተቀበለው፤ ቢጫ የሆነው በ1960ዎቹ ነው። ዛሬ ስለ አድልዎ የሚደረገው ክርክር በሙሉ በዚህች ቁራጭ ጨርቅ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፤ መውደቋም አለመውደቋም ያስከስሳል።

ሁለተኛው ታሪክ ክሊቭላንድ ውስጥ ነው። ኅዳር 1953 የብራውንሱ ኳርተርባክ ኦቶ ግራሃም፣ የዘመኑ ትልቁ ስም፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር ሲጫወቱ ከመስመር ውጭ ፊቱ ላይ ተመታ። አፉ ውስጥ 15 ስፌት ተሰፋለት። አሠልጣኙ ፖል ብራውን በእረፍት ሰዓት የራስ ቁሩ ላይ በአፉ ትክክል የሚያልፍ ግልጽ ፕላስቲክ አስገጠመለት፤ ግራሃምም ተመልሶ ገብቶ ጨዋታውን አሸነፈ። ብራውን ከዚያ በኋላ የፊት መከላከያውን አሻሽሎ አሠራው፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የሁሉም ተጫዋች ዕቃ ሆነ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ጉዳቱ የደረሰው በኮከብ ላይ ነው፤ መፍትሔው የተሠራው ለኮከቡ ነው፤ የተጠቀመው ግን ሁሉም ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሕግ መጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ ይታያል።

ሕጉ ራሱ ምን ይላል? ወርዋሪውን ያለ አግባብ የመታ ተከላካይ ቡድኑን 15 ያርድ ያስቀጣል፤ አጥቂው ቡድንም ያለበት ሙከራ ስንተኛም ይሁን አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል። ኳሷ ከእጁ ከወጣች በኋላ ተከላካዩ ከአንድ እርምጃ በላይ ተራምዶ ሊመታው አይችልም። ራሱን ወይም አንገቱን በኃይል መንካት ክልክል ነው። እግሩን ተክሎ ለመወርወር የቆመን ሰው ጉልበቱ ላይ ወይም ከጉልበቱ በታች መምታትም እንደዚሁ። ይዞ ሲጥለው ደግሞ የሰውነቱን ክብደት በሙሉ ወይም አብዛኛውን አሳርፎበት መውደቅ የለበትም። ወርዋሪው በመከላከያ ሰዎቹ መሃል ካለው ቦታ፣ «ፖኬት» ከሚሉት፣ ወጥቶ እየሮጠ ከሆነ የአንዷ እርምጃና የጉልበቱ ጥበቃ ይነሣበታል፤ የራሱና የአንገቱ ጥበቃ ይቀራል። ይህች የመጨረሻ ነጥብ ቀላል ብትመስልም ኋላ ላይ ትልቅ ነገር ትፈታለች።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የአንቀጹ አንድ ማሳሰቢያ ነው። ዳኛው ምቱ ጥፋት መሆን አለመሆኑን ከተጠራጠረ ሁልጊዜ ጥፋት ብሎ እንዲወስን ያዘዋል። በሌላው የሕይወት ዘርፍ ጥርጣሬ ለተከሳሹ ይሆናል፤ እዚህ ለተመታው ነው። እንግዲህ ተመልካች ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ «ይሄ ምኑ ጥፋት ነው?» ብሎ ሲጮህ ብዙውን ጊዜ የሚጮኸው በዳኛው ላይ ሳይሆን በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ዳኛው እንዲያመዝን ታዟል፤ አመዘነ።

የዳኛውን ዓይን ቀርቦ ማየትም ይጠቅማል። በኤን ኤፍ ኤል ሰባት ዳኞች አሉ። ነጭ ኮፍያ ያደረገው ዋናው ዳኛ ከኳርተርባኩ ጀርባና ጎን፣ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ይቆማል። ኳሷ ከእጅ ስትወጣ ስታዲየሙ በሙሉ አንገቱን አዙሮ ይከተላታል። እሱ ብቻ አይከተልም። ሥራው ከወርዋሪው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ መቆየት ነው። ተከላካዩ አንድ እርምጃ ነው የተራመደው ወይስ ሁለት? ክንዱ ያረፈው ትከሻው ላይ ነው ወይስ የራስ ቁሩ ጠርዝ ላይ? ሲወድቁ ክብደቱን በጎኑ ጣለ ወይስ በላዩ? ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም፤ ካሜራው ግን ያንኑ ቅጽበት በስምንት ማዕዘን፣ በዝግታ፣ ደጋግሞ ያሳያል። ዳኛና ተመልካች የሚፈርዱት በአንድ ድርጊት ላይ ቢመስልም ያዩት ነገር አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ኮከቦቹ። ዳኞች ኮከብን ይጠብቃሉ የሚለው ወገን ሦስቱን ትልልቅ ጉዳቶች ቢያነሣ ክሱ ይናጋበታል።

ጥር 8 ቀን 2006፣ ሲንሲናቲ። ቤንግልስ ከ15 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፍ ደርሷል፤ እንግዳው ፒትስበርግ ስቲለርስ ነው። ካርሰን ፓልመር ገና በመጀመሪያው ውርወራው ለክሪስ ሄንሪ 66 ያርድ የሚሄድ ኳስ ላከ። ሕዝቡ ኳሷን እያየ ሲነሣ፣ የስቲለርሱ ኪሞ ፎን ኦልሆፈን ሲንደረደር መጥቶ የፓልመርን የግራ ጉልበት ከጎን መታው። የጉልበቱ ጅማቶች ተበጠሱ። ፓልመር የዚያን ዓመት ነጥብ በሚያስገኝ ውርወራ ሊጉን የመራ ሰው ነበር። ጨርቅ አልተወረወረም። ስቲለርስ 31 ለ 17 አሸንፎ ሄዶ የዓመቱን ዋንጫ ወሰደ። በዚያው ዓመት ሊጉ የጉልበቱን አንቀጽ አጠበቀ፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የፓልመር ሕግ» ይለዋል።

መስከረም 7 ቀን 2008፣ በኒው ኢንግላንድ ሜዳ የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ። ቶም ብሬዲ ያለፈውን ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ጨርሷል። የካንሳስ ሲቲው በርናርድ ፖላርድ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ ወደፊት ተስፈንጥሮ እግሩን መታው፤ ጉልበቱ ተበላሸ፤ ዓመቱ አለቀ። ጨርቅ አልተወረወረም። በ2009 መሬት ላይ ያለ ተከላካይ ወደ ወርዋሪው እግር እንዳይወረወር የሚል ማብራሪያ ተጨመረ።

ጥቅምት 15 ቀን 2017፣ አሮን ሮጀርስ። የሚነሶታው አንተኒ ባር ኳሷ ከወጣች በኋላ ይዞት ወደቀ፤ በአንገትና በትከሻ መካከል ያለው አጥንቱ ተሰበረ። ዳኛው አሁንም ጨርቁን አልጣለም። በ2018 ተከላካይ በክብደቱ እንዳይወድቅበት የሚለው ክልከላ በጥብቅ እንዲሠራበት ትእዛዝ ወጣ።

ሦስቱም በየዘመናቸው አንደኛ የሚባሉ ነበሩ። ሦስቱም በተጎዱበት ቅጽበት ዳኛ አልደረሰላቸውም። ሕግ ግን ደረሰ፤ ለእነሱ ሳይሆን ከእነሱ በኋላ ለሚመጡት። ለዚህ ነው የኮከቡን ጥቅም በዳኛው ፊሽካ ውስጥ ከመፈለግ በሕግ አውጪው ጠረጴዛ ላይ መፈለግ የሚሻለው። በየዓመቱ ስማቸው የማይታወቅ ተጠባባቂ ኳርተርባኮች ጉልበታቸው ይበጠሳል፤ ለአንዳቸውም በስማቸው የሚጠራ አንቀጽ አልወጣም።

ሕጉ አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ ባለቤቱን አይለይም። የ2018ን ክልከላ ያስወጣው የሮጀርስ ጉዳት ነበር፤ ሕጉ ከያዛቸው ቀዳሚዎች አንዱ ግን የሮጀርስ የራሱ የቡድን ጓደኛ ክሌይ ማቲውስ ነው። መስከረም 16 ማቲውስ የሚነሶታውን ከርክ ከዝንስን ሲጥል ጨርቅ ወደቀ፤ የቡድን ጓደኛው ከአየር ላይ የነጠቃት ኳስ ተሰረዘች፤ ጨዋታው 29 ለ 29 በሆነ እኩል ውጤት አለቀ። በሳምንቱ የዋሽንግተኑን አሌክስ ስሚዝን ሲጥል አሁንም ተቀጣ። በዚያው ቀን የማያሚው ዊሊያም ሄይስ የኦክላንዱን ዴሪክ ካርን ሲጥል ላለመጫን ሲል ሰውነቱን አጣምሞ ወደቀና የራሱን የጉልበት ጅማት በጠሰ፤ አሠልጣኙም የጉዳቱን ምክንያት እንደዚሁ አስረዳ። ከዝንስና ስሚዝ ጥሩ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ሕዝብ ግን ከብሬዲና ከሮጀርስ ጋር አይደምራቸውም። ከጥቂት ሳምንታት ጫጫታ በኋላ ለዳኞች ማብራሪያ ተላከ፣ ጨርቁም ቀነሰ።

ካናል ዊንቸስተርን እየታከከ የሚያልፈው 33 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲቀጥል አቴንስ ይደርሳል። ጆ ባሮው ያደገው እዚያ ነው። በኮሎምበስ ኦሃዮ ስቴት ጀምሮ፣ በሉዊዚያና ስቴት ዋንጫ አንሥቶ፣ በ2020 በቤንግልስ የዓመቱ የመጀመሪያ ተመራጭ ሆኖ ወደ ግዛቱ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኅዳር ከዋሽንግተን ጋር ሲጫወት ሁለት ተከላካዮች ከላይና ከታች አጣብቀውት የግራ ጉልበቱ ተበጠሰ። በ2023 ቤንግልስ ለአምስት ዓመት 275 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት፤ በዓመት 55 ሚሊዮን መሆኑ ነው። የዚህ ሁሉ ጥበቃ ምክንያት ሰብአዊነት ብቻ ነው ብሎ መጻፍ የዋህነት ይሆናል። አንድ ኳርተርባክ ሲወድቅ የአንድ ከተማ የዓመት ተስፋ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ የምሽት ፕሮግራም፣ የባለቤቱ ኢንቨስትመንት አብሮ ይወድቃል። ባለቤቶቹ ደግሞ ሕጉን በድምፅ የሚያጸድቁት ራሳቸው ናቸው።

ታዲያ ጥርጣሬው ከየት መጣ? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ባለ ሕዝብ ዘንድ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ትልቅ ሰው ሲጠቀም ይታያል፣ ትንሽ ሰው ሲጠቀም ማንም አያስታውስም። የጥቅምት 2022 ሁለት ቀናት ለዚህ ምስክር ናቸው። ጥቅምት 9 የአትላንታው ግሬዲ ጃሬት በዚያን ጊዜ ለታምፓ ቤይ የሚጫወተውን ብሬዲን ይዞ አሽከርክሮ ጣለው፤ ዋና ዳኛው ጀሮም ቦገር ጨርቁን ወረወረ፤ ታምፓ 21 ለ 15 አሸነፈ። ምቱን ያየ ሁሉ፣ የብሬዲ ደጋፊ የነበረው ሳይቀር፣ ተራ አጣጣል ነው አለ። «ብሬዲ ስለሆነ ነው» የሚለው ፍርድ በአንድ ሌሊት አገሩን ሞላ። በማግስቱ ማታ የካንሳስ ሲቲው ክሪስ ጆንስ የላስ ቬጋሱን ዴሪክ ካርን ከኋላ ደርሶ ኳሷን ከእጁ ነጥቆ እንደያዘ በላዩ ወደቀ። ሌላ ዳኛ፣ ካርል ቼፈርስ፣ ያንኑ ቅጣት ሰጠ። ይኼኛው ከመጀመሪያው የባሰ ይመስል ነበር፤ ኳሷ በተከላካዩ እጅ ገብታለችና። ካር ግን የማንም አፈ ታሪክ አይደለም። የመጀመሪያው ስለ አድልዎ ሲወራ ይነሣል፤ ሁለተኛው ስለ ሕጉ ክፋት ሲወራ ብቻ።

ኦሃዮ ውስጥ ስለ ብሬዲ የሚባለውን ሲሰሙ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ ሰውየው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፣ ሚሺጋን ደግሞ የኦሃዮ ስቴት ደመኛ። እዚህ አገር ያለው ጥርጣሬ ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው። የሚሺጋን ጓደኛው ቻርልስ ዉድሰን፣ ኦሃዮ ፍሪሞንት የተወለደው፣ ጥር 2002 ለኦክላንድ ሲጫወት በበረዶ ውስጥ ብሬዲን መትቶ ኳስ ያስጣለበት ጨዋታም እንዲሁ ይነሣል። ዋና ዳኛው ዋልት ኮልማን በቪዲዮ አይቶ ውርወራ ነው ብሎ መለሳት፤ ኦክላንድ ተሸነፈ፤ ኒው ኢንግላንድ ዋንጫ አነሣ። ዳኛው ለኮከብ አደላ ይባላል። በዚያች ሌሊት ግን ብሬዲ ኮከብ አልነበረም፤ በ2000 በ199ኛ ተራ የተመረጠ፣ በሊጉ ገና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ወጣት ነበር። ኮልማን የሠራበት አንቀጽም በጊዜው የተጻፈ ሕግ ነበር፤ መጥፎ ሕግ ስለነበረ በ2013 ተሰረዘ።

ክሱን በሌላ በኩል የሚያወሳስበው ካም ኒውተን ነው። የካሮላይናው ኒውተን የ2015 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ ከዚያ በላይ ኮከብነት የለም። መስከረም 2016 ዓመቱን በከፈተው ጨዋታ ዴንቨር ላይ ተከላካዮች ራሱ ላይ ደጋግመው ሲመቱት አገር ሁሉ አየ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ በሜዳ ላይ ደኅንነት አይሰማኝም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ከዓመት በፊት ደግሞ ዋና ዳኛው ኤድ ሆኩሊ ያን ጥፋት ለማግኘት ዕድሜህ ገና ነው አለኝ ብሎ ነበር፤ ሆኩሊ እንዲህ አላልኩም ሲል አስተባብሏል። ኒውተን 196 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 111 ኪሎ ክብደት ያለው፣ እንደ ሯጭ ኳስ ይዞ የሚገባ ሰው ነበር። አንዱ ምክንያት ሕጉ ነው፦ ከፖኬት ወጥቶ የሚሮጥ ወርዋሪ ከጥበቃው ግማሹን ያጣል። ሌላው ግን ሕግ አይደለም። ግዙፍ ሰው ሲመታ አይንገዳገድም፤ ያልተንገዳገደ ሰው ደግሞ የተመታ አይመስልም። እዚህ ላይ የዳኛው ዓይን በእውነት ያዳላ ይመስላል፤ ያዳላው ግን ለዝና ሳይሆን ለቀጭን ሰውነት ነው።

ከቅርቡ ጉዳዮች ክሱን ከሁሉ በላይ የሚያጠናክረው የካንሳስ ሲቲው ኳርተርባክ የፓትሪክ ማሆምስ ነው። ጥር 18 ቀን 2025 ካንሳስ ሲቲ ሂውስተንን በጥሎ ማለፍ አስተናገደ። የሂውስተኑ ኳርተርባክ ሲ ጄ ስትራውድ የኦሃዮ ስቴት ልጅ ስለሆነ ኮሎምበስ ውስጥ ብዙ ዓይን ነበረው። በመጀመሪያው አጋማሽ የሂውስተኑ ዊል አንደርሰን ማሆምስን ራሱ አካባቢ ነካ ተብሎ ተቀጣ፤ በሁለተኛው ማሆምስ ሮጦ ዘግይቶ ሲንሸራተት ሁለት ተከላካዮች እርስ በርሳቸው ተጋጭተው እሱን እምብዛም ሳይነኩት ሌላ ጨርቅ ወደቀ። ጨዋታውን በቀጥታ የሚተነትነው የቀድሞው ኳርተርባክ ትሮይ ኤይክማን ጥሪውን በአየር ላይ ነቀፈው። ዋና ዳኛው ክሌይ ማርቲን የራስ ንክኪ ነበር ሲል አስረዳ። ካንሳስ ሲቲ 23 ለ 14 አሸነፈ። የሊጉ ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል ከሳምንታት በኋላ አድልዎ አለ የሚለውን ንድፈ ሐሳብ አስቂኝ ሲል አጣጣለው።

በዚያው ዓመት የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የኤል ፓሶ ተመራማሪዎች ከ2015 እስከ 2023 የተሰጡ የተከላካይ ቅጣቶችን መርምረው ባወጡት ጽሑፍ፣ ማሆምስ ባለበት ካንሳስ ሲቲ ላይ የጥሎ ማለፍ ቅጣቶች ለቡድኑ እንደሚያጋድሉ፣ በተለይም በዳኛው ፍርድ ላይ የተመሠረቱት፣ ጽፈዋል። ምክንያቱን ያያያዙት ከቴሌቪዥን ገንዘብ ጋር ነው። በብሬዲው ኒው ኢንግላንድ ላይ ተመሳሳይ ነገር አላገኙም። ይህን ጽሑፍ ማጣጣል አይገባም፤ ከአቅሙ በላይ ማሸከምም እንዲሁ። ጥሎ ማለፍ በዓመት ጥቂት ጨዋታ ነው፤ ወርዋሪን ማንገላታት የሚባለው ጥፋት ደግሞ በአማካይ በአንድ ጨዋታ አንድ እንኳ አይደርስም። ከዚህች ጥቂት ቁጥር ውስጥ የአንድን ሰው ዝና ለይቶ ማውጣት ጤፍ ውስጥ የወደቀ ስንዳዶ ከመፈለግ አይሻልም። ቆጠራው ራሱም ወጥመድ አለው። ኮከብ ብዙ ይወረውራል፤ ብዙ የወረወረ ብዙ ይመታል፤ ብዙ የተመታ ብዙ ጨርቅ ያገኛል። ድምሩን ብቻ ያየ አድልዎ ያያል።

የሌሎች ስፖርቶች ጥናት ግን ለከሳሹ የተወሰነ ድጋፍ ይሰጣል። ጄሪ ኪምና ብሬይደን ኪንግ የ2008 እና የ2009 የቤዝቦል ውድድሮችን ከ700 ሺህ በላይ ውርወራዎች መርምረዋል። በካሜራ ትክክለኛ ቦታዋ የታወቀች ኳስ፣ የወረወራት ሰው ባለ ዝና ከሆነ ዳኛው ለእሱ የሚያመች ስህተት የመሥራቱ ዕድል ከፍ ይላል። ተመራማሪዎቹ ይህን የሰጡት ምክንያት ጉቦ ወይም ሤራ አይደለም። ዳኛው ከጎበዝ ሰው ጥሩ ኳስ ይጠብቃል፤ የጠበቀውን ያያል። ቤዝቦል ለዚህ ጥናት የተመቸው ውርወራው በመቶ ሺዎች ስለሚቆጠርና ትክክሉን ማሽን ስለሚያውቀው ነው። በፉትቦል አንድ ምት «በኃይል» ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚነግር ማሽን የለም።

ሊጉ ኮከብ ያልሆነን ሰው ጉዳት ቸል ይላል እንዳይባልም የክሊቭላንድ ምሽት አለ። ኅዳር 14 ቀን 2019 የብራውንሱ ማይልስ ጋሬት የፒትስበርጉን ሜሰን ሩዶልፍ የራስ ቁር አውልቆ በዚያው ቁር ራሱን መታው። ሩዶልፍ ተጠባባቂ ኳርተርባክ ነበር፣ ጋሬት ደግሞ የግዛቱ ትልቁ ኮከብ። ጋሬት ላልተወሰነ ጊዜ ታገደ፤ የቀሩትን ስድስት ጨዋታዎች ሳይሰለፍ ቀረ።

ማስረጃው ተሰብስቦ ሲታይ የተረጋገጠው የቦታው ጥበቃ ነው፤ የኮከቡ የግል ጥበቃ በጥሎ ማለፍ አንዳንድ ፍንጭ ቢሰጥም አልተረጋገጠም፤ የኮከቡ ስም ሕግ እንደሚያጽፍ ግን ከኦቶ ግራሃም እስከ ሮጀርስ በዓመተ ምሕረት ተቆጥሮ የሚታይ ነው።

ዓርብ ማታ በካናል ዊንቸስተር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ስምንት ካሜራ የለም፤ በስሙ ሕግ የወጣለት ተጫዋችም የለም። ዋናው ዳኛ እንደ እሑዱ ሁሉ ነጭ ኮፍያ አድርጎ ከኳርተርባኩ ጀርባ ይቆማል፤ ኳሷ ስትወጣ ወላጆች ሁሉ ወደ ላይ ሲያንጋጥጡ እሱ ልጁን ያያል። ወርዋሪው ከተንገላታ ቅጣቱ 15 ያርድና አዲስ አራት ሙከራ ነው፤ ልጁ የ15 ዓመት ተጠባባቂ ቢሆንም።